ፈረንሳይ ለመማር ለምትሄዱ፦ ከቪዛው በኋላ ስላለው ኑሮ

ፈረንሳይ ለመማር የሚያመለክቱትን ስለሚያስተናግደው ስለ ካምፑስ ፍራንስ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ባንክ ደብዳቤና ስለ ቪዛ ቀጠሮ የሚመክራችሁ ሰው አታጡም። ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። እኔ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። በ2022 ሴፕቴምበር ሊገባ ሲል ለማስተርስ ሊዮን ገባሁ። እንዳንደናገር ቀኑንም ወሩንም በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዱኝ። የከበደኝ ትምህርቱ አልነበረም። ሰው ሁሉ የጠላኝ ይመስለኝ ነበር። ሻጯ ትኮሳተራለች፣ ቢሮው "ወረቀት ይጎድላል" ይላል፣ እሁድ ከተማው ጭር ይላል፣ መምህሩ የጻፍኩትን በቀይ እስክሪብቶ አጥለቅልቆ ይመልሳል። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አብዛኛው ነገር ከእኔ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሰዎቹ የሚሄዱበት ሥርዓት አላቸው። ሥርዓቱን ያላወቀ ሰው በር የተዘጋበት ይመስለዋል።

ከሰላምታ ልጀምር። ሊዮን አጠገብ ባለችው በቪሌርባን ከተከራየሁት ስቱዲዮ ሥር ዳቦ ቤት ነበር። አንድ ጠዋት ከፊቴ ወረፋ የያዘ ጎብኚ ተራው ሲደርስ "ሁለት ክሯሳን" አለ። ሻጯ ንቅንቅ አላለችም። አየት አደረገችውና "ቦንዡር፣ ሙስዩ" አለችው፣ ረጋ ብላ። ሰውየው ያልተሰማው መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ፣ በጣቱም ሁለት አሳየ። እሷም ደገመችለት፤ "ቦንዡር።" በመጨረሻ ገባው መሰለኝ ፊቱ ቀላ። "ቦንዡር" እንዳለ ክሯሳኑ በወረቀት ተጠቀለለለት፤ ፈገግታም ተመረቀለት። እኔ ከኋላው ቆሜ እስከዚያች ቀን ድረስ ስንት ሰው እንዳስቀየምኩ ማሰላሰል ያዝኩ።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ፣ አውቶቡስ ስትሳፈሩ፣ ፋርማሲ ውስጥ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ከቢሮ መስኮት ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ ቦንዡር በሉ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሲመሽ ቦንስዋር። ሐኪም ቤት የተራ መጠበቂያ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ለተቀመጠው ሁሉ ነው። ሜትሮ ውስጥ ግን ማንም ማንንም ሰላም አይልም፤ ብትሞክሩት ቦርሳቸውን ነው የሚያጠብቁት። እኛ ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን ጭምር እየጠየቅን ሰላምታ የምናረዝም ሰዎች ነን። እነሱ ዘንድ አጭር ነው፣ ግን አይቀርም። ስትወጡም "ኦርቯር" ብላችሁ ውጡ።

አንተ እና እርስዎ የመለየቱ ነገር ለእኛ አይከብድም፤ ጓዙን ከቤት ይዘነው ነው የምንሄደው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ አብሮኝ የሚማር፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። አንቱ ስለው ፊቱን አጠቆረብኝ። አብሮ የሚማር ሰው በዕድሜ ቢበልጥም አንተ ነው የሚባለው። አንቱታው ለመምህር፣ ለሻጭ፣ ለቢሮ ሠራተኛና ለአከራይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ስም ልምጣ። በፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የቤተሰብ ስም ማለት እናንተ ማለት ናችሁ። ቅጽ ላይ እሱ ይቀድማል፣ ብዙ ጊዜም በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል። አያቴ ሊዮንን በህልማቸውም አላዩዋትም፤ ደብዳቤው ሁሉ ግን በሳቸው ስም ነበር የሚመጣው። ቢሮ ውስጥ "ሙስዩ እገሌ" ተብሎ አያቴ ሲጠሩ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ ተራዬ ያልፋል። እኔ ደግሞ ዘለሉኝ ብዬ እናደዳለሁ።

ይሄ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው የፖስታ ሣጥኑ ነበር። እዚያ አገር ባንኩ፣ የጤና መድኑ፣ የቤት ኪራይ ድጎማው አሁንም ደብዳቤ ይወዳል። የባንክ ካርዱ በአንድ ፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ፖስታ ይላካል። ፖስተኛው ደብዳቤውን የሚጥለው ሣጥኑ ላይ ያለውን ስም አይቶ ነው። የእኔ ሣጥን ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ስም እንደተለጠፈ ቀርቶ ኖሯል። ካርዱ ወደ ባንኩ ተመለሰ። እኔ በየቀኑ ሣጥኑን ከፍቼ የፒዛ ማስታወቂያ አወጣለሁ። ካርድ ስለሌለኝ የስልክ ኮንትራት መግባት አልቻልኩም። የፈረንሳይ ስልክ ስለሌለኝ ባንኩ የሚልከው ኮድ አይደርሰኝም። ዙሪያ ጥምጥም ሆነ። የያዝኩት ጥሬ ገንዘብ እየሳሳ ሲሄድ የተሰማኝን ፍርሃት አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ያወጣኝ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ደረጃ ላይ ቦንዡር ስላት ሣጥኔን አየት አድርጋ "ይሄ አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ። አይደለሁም። ሽቅብ ወጥታ ወረቀትና ፕላስተር ይዛ መጣች። ካርዱ በሚቀጥለው ሳምንት ደረሰ። እናንተ ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን፣ ሻንጣችሁን ሳትፈቱ፣ በፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም ሣጥኑም ላይ የበሩ መጥሪያም ላይ ለጥፉ።

ከስም ሳልወጣ፣ አገር ቤት ሆናችሁ የምትጨርሱት አንድ ነገር አለ። የልደት ምስክር ወረቀታችሁ፣ ፓስፖርታችሁና ዲግሪያችሁ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ የስም አጻጻፍ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የልደት ቀኑንም እንዲሁ። ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ አንድ ቀን የሚዛነፍበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላይ "ግዴለም" የሚባል አንድ ቀን እዚያ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል። የልደት ወረቀቱ ፈረንሳይ ውስጥ ለፍርድ ቤት ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ መተርጎሙ አይቀርም፤ ዋናውን ሰነድ ውጭ ጉዳይ አረጋግጣችሁ ያዙ።

የቀረውን የወረቀት ነገር በአጭሩ ልለፈው። የተማሪ ቪዛችሁን በገባችሁ በ3 ወር ውስጥ በኢንተርኔት ማጽደቅ አለባችሁ፤ ይሄን የረሳ ሰው መከራውን ነው ያየው። ቤት አከራይ ዋስ አምጡ ሲላችሁ አትደንግጡ። ቪዛል የሚባል ነጻ ዋስትና አለ፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ካፍ የሚባለው መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የቤት ኪራይ ድጎማ ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፈልም፣ ለገባችሁበት ወርም አይሰጥም። ስለዚህ ማመልከቻውን ዛሬ ነገ አትበሉ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን አጣሩ። ስታመለክቱ "አንድ ወረቀት ጎድሏል" መባላችሁ አይቀርም። ያ እምቢታ አይደለም። ወረቀቱን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ሳትቆጡ፣ በቦንዡር።

ሌላው ሰዓት ነው። ከ12 እስከ 14 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 6 እስከ 8፣ አገሩ ምሳ ላይ ነው። ትንንሽ ሱቆችና ቢሮዎች ይዘጋሉ። ከ14 ሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ገብታችሁ ትኩስ ምግብ ብትጠይቁ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። በምሳ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ሳንድዊች መብላትም እንደ ጨዋነት አይታይም። ጓደኞቼ ተጠራርተው ወደ ተማሪዎች ምግብ ቤት ሲሄዱ እኔ "ሥራ አለብኝ" እያልኩ ቤተ መጻሕፍት እቀር ነበር። ገንዘብ መቆጠቤ ነው። በኔ ጊዜ ሙሉ ምሳ 3 ዩሮ ከ30 ሳንቲም ነበር፣ የፈረንሳይ መንግሥት የኑሮ ድጎማ ለሚያገኝ ተማሪ ደግሞ 1 ዩሮ። ቤት ከማበስለው ብዙም አይበልጥም። ጓደኝነቱ ያለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። የፈተና መረጃም፣ የቤት ጥቆማም፣ የቡድን ሥራም የሚነገረው እዚያው ነው። ሌላ ነገር ላይ ቆጥቡ፤ ምሳ ላይ ግን ከሰው ጋር ተቀመጡ።

እሁድ ምግብ መሸጫዎች ቢከፍቱም እስከ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ቅዳሜ አስቤዛችሁን ጨርሱ። እሁድ ጠዋት ደግሞ የሰፈር ገበያ ውጡ። መዝጊያው ሲቃረብ ቲማቲሙና ፍራፍሬው ይረክሳል፤ ነጋዴዎቹም ወሬ ይወዳሉ። ፈረንሳይኛዬን ያቃናልኝ የሽንኩርት ነጋዴ ነው ብል አላጋነንኩም። ዳቦ ስትገዙ ከተራው ባኬት ይልቅ "ትራዲሲዮን" በሉ። በ1993 በወጣ ደንብ መሠረት ምንም ተጨማሪ ኬሚካል ሳይገባበት፣ ሊጡም በረዶ ሳይደረግ የሚጋገር ነው። ሳንቲም ቢጨምር ነው። በኖቬምበር 2022 ዩኔስኮ የባኬትን ሙያና ባህል ሲመዘግበው ሰፈሩ ሁሉ ስለሱ ሲያወራ ሰነበተ። ጫፉን መንገድ ላይ ቆርሶ መብላት ነውር አይደለም። ሱፍ ኮት የለበሱ ሽማግሌም ያደርጉታል።

ወደ ክፍል ልመለስ። ውጤት የሚሰጠው ከ20 ነው። የመጀመሪያ ወረቀቴ 13 ተሰጥቶት መጣ። ከመቶ ስመታው 65 ሆነብኝ፤ ሆዴ ባዶ ሆነ። ዳር ላይ በቀይ "ችኮላ"፣ "የት አለ ማስረጃው?" የሚሉ ማስታወሻዎች አሉ። ምሳ ላይ ለጓደኞቼ ስነግራቸው "ጎሽ!" አሉኝ። ያሾፉብኝ መሰለኝ። 10 ማለፊያ ነው፣ ከ12 ጀምሮ ደህና፣ ከ14 ጥሩ፣ ከ16 በጣም ጥሩ ይባላል። 18 እና 19 በጽሑፍ ሥራ ላይ ብርቅ ነው። ቤተሰብ ወይም ስፖንሰር ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ አስረዷቸው፤ አለዚያ በ14 ትወቀሳላችሁ። መምህሩ ስህተቱን ያሳያል፣ ጥሩውን ዝም ብሎ ያልፋል። እንደ ስድብ አትቁጠሩት። ጽሑፋችሁ ላይ ደግሞ ከምታውቁት ብዛት በላይ አወቃቀሩ ይታያል። መጀመሪያ ጥያቄ ማንሳት፣ ከዚያ አንዱን ወገን፣ ከዚያ ተቃራኒውን ማሳየት ይጠበቃል። የቀድሞ ተማሪዎችን ወረቀት ለምናችሁ እዩ፤ ከመጽሐፍ ይልቅ እሱ ነው የጠቀመኝ።

ክርክራቸውንም ልመዱት። ጓደኛችሁ ፊት ለፊት "አልስማማም፣ ተሳስተሃል" ይላችኋል፤ ወዲያው ቡና ይጋብዛችኋል። እኔ ፊት ለፊት መቃረን ቂም የሚመስለኝ ሰው ነኝ፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። እነሱ ግን ዝም የሚለውን ነው የሚጠረጥሩት። ሐሳብ የሌለው ወይም የሰለቸው ይመስላቸዋል።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ወደ ሁለት ሰዓት ከፍ ይላል። ዲሴምበር ላይ በእኛ 11 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ትጠልቃለች። ጠዋት ክፍል ስትገቡም ገና አልነጋም። ብርዱን በጃኬት ትችሉታላችሁ፤ ጨለማው ነው የሚጥለው። እኔ ከትምህርት መልስ ተኝቼ መዋል ጀመርኩ። እናቴ ስትደውል "ደህና ነኝ" እላለሁ። አልነበርኩም። ደግነቱ ክፍላችን ውስጥ አንዷ ልጅ አየችኝ፤ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ጋ ይዛኝ ሄደች። ከ2021 ጀምሮ ተማሪ ያለ ክፍያ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያይበት ፕሮግራም አለ። "ለእብድ ነው" የሚለውን ነገር እዚህ ትታችሁ ሂዱ። ቋንቋዬ ቢሰባበርም ሴትዮዋ ሰማችኝ። የሰጠችኝ የመጀመሪያ ምክር ቀላል ነበር፦ በየቀኑ ብርሃን ሳለ መውጣት።

በዚያው ሰሞን ሊዮን የብርሃን በዓሏን ታከብራለች። ዲሴምበር 8 ማታ ነዋሪው በየመስኮቱ በብርጭቆ ውስጥ ትንንሽ ሻማ ይደረድራል። ከ1852 ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ጎረቤቴ ሻማዎች አምጥታ በሬን አንኳኳች። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ መጣ። ፈረንሳይ በፍጹም ቅጣት ምት በአርጀንቲና ስትሸነፍ ካፌ ውስጥ የማላውቀው ግዙፍ ሰውዬ ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። ቦንዡር እንኳን አላለኝም።

ነገር የተለወጠልኝ ግን በጃንዋሪ ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ጋሌት ደ ሯ ለመቁረስ ተሰበሰበ። ክብ፣ በቅቤና በአልሞንድ የሚሠራ ኬክ ነው፤ ውስጡ ፌቭ የምትባል ትንሽ የሸክላ ምስል ትደበቃለች። ያገኛት ሰው የወረቀት ዘውድ ይደፋል። ለእኔ ዕለቱ የገና ዋዜማ ነው፤ ጾም አልፈታሁም። መጀመሪያ ልቅር አልኩ። ፈረንሳይ ውስጥ ሃይማኖት የግል ነው፤ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በ1905 ሕግ ተለያይተዋል። ሰዉም እምነትህ ምንድነው ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ማውራቱ የማይገባ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ሄጄ በግልጽ ነገርኳቸው፦ "እስከ ነገ ድረስ ቅቤና እንቁላል አልበላም፤ ነገ ገናችን ነው።" ዝምታ ጠብቄ ነበር። የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። ለምን በጃንዋሪ? ወተትም አትጠጣም? ስንት ቀን? እኔ ሳወራ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ በዕድሜ ትንሹ ሰው ጠረጴዛ ሥር ይገባል። ቆራጩ አንድ ቁራሽ ያነሳና "የማነው?" ይላል። ከሥር ያለው ስም ይጠራል፤ ማዳላት እንዳይኖር ነው። የሃያ ሁለት ዓመቷ ልጅ ጂንሷን እያራገፈች ገባች። ሦስተኛው ቁራሽ ላይ ከጠረጴዛው ሥር የእኔን ስም ጠራች። የአያቴን አይደለም፤ የራሴን፣ "ጸ"ዋን እየታገለች። ቁራሼን በናፕኪን ጠቀለሉልኝ። በማግስቱ የገና ዕለት ጠዋት ጾሜን የፈታሁት በሱ ነው። ፌቭ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ግብዣ መጣ። ስለ እራት ግብዣ የማውቀውን ልንገራችሁ። ቀድማችሁ አትድረሱ፤ ከሰዓቱ አሥር ደቂቃ ብታልፉ ይሻላል። ባዶ እጅ አይኬድም። አበባ ከያዛችሁ ክሪዛንተም አይሁን፤ ኖቬምበር መግቢያ ላይ መቃብር ላይ የሚቀመጥ አበባ ነው። መጀመሪያ አፔሮ ይቀርባል፤ መጠጥ ከወይራና ከኦቾሎኒ ጋር። እዚያ ላይ ሆዳችሁን አትሙሉ። ዋናው ምግብ ገና ነው፤ ከሱ በኋላ ሰላጣ፣ ከሰላጣ በኋላ አይብ፣ ከአይብ በኋላ ጣፋጭ፣ ከዚያ ቡና። ከቡናው በፊት መነሳት እኛ ቤት አቦል ጠጥቶ እንደ መሄድ ነው። ዳቦው ሳህን ላይ አይቀመጥም፤ ጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ነው። እጃችሁን ከጠረጴዛ በታች አትደብቁ። ሾጠጥ ያለ አይብ ሲመጣ ጫፉን ቆርጣችሁ አትውሰዱ፣ ጥሩው ክፍል እሱ ስለሆነ በጎን በኩል ቁረጡ።

አንዱ ግን ራብ ያስከትላል፤ ልብ በሉት። "ልጨምርልህ?" ሲሉኝ እንደ አገሬ ልማድ "አይ፣ ይበቃኛል" አልኩ። ሳህኑ አለፈኝ። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ። የምትሉትን አምነው ነው የሚያልፉት። ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ አዎ በሉ። የማትበሉት ነገር ካለ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከግብዣው በፊት በመልእክት ንገሯቸው፤ በዐቢይ ጾም የጋበዘችኝ የጓደኛዬ እናት ምስር ሠርታ ጠበቀችኝ።

በ2023 መግቢያ ላይ የጡረታ ዕድሜ ከ62 ወደ 64 ከፍ ሊል ነው ተብሎ አገሩ በአድማ ተናወጠ። ባቡር ይቆማል፣ የዩኒቨርሲቲ በር በወንበርና በጠረጴዛ ይታጠራል፣ ፈተና ይተላለፋል። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ሰልፍ ሲባል እኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነው። እዚያ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ዳር ላይ ቋሊማ ይጠበሳል። ግን ማታ ላይ ሰልፉ ሲበተን የሚፈጠረው ግርግር ሌላ ነው፤ ከዚያ ራቁ። አድማ አስቀድሞ ይነገራል። የባቡሩ ድርጅት የሚሠሩትን ባቡሮች በዋዜማው 17 ሰዓት ላይ ያሳውቃል፤ ጉዞ ካላችሁ እሱን ሳታዩ አትውጡ።

ስትመለሱ ወይም ቤት ስትቀይሩ፣ የቤት ዕቃ ያለው ክፍል ከሆነ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ። ማስጠንቀቂያው በአደራ ደብዳቤ ይላካል፤ ወሩ የሚቆጠረውም ደብዳቤው አከራዩ እጅ ከደረሰበት ቀን ነው። ስትገቡ ግድግዳውን፣ ምጣዱን፣ የሻወሩን ጥግ ሳይቀር ፎቶ አንሱ፤ ስትወጡ የምትከራከሩት በሱ ነው። ጉዳት ከሌለ ቀብዱ በአንድ ወር ውስጥ፣ ካለ በሁለት ወር ውስጥ መመለስ አለበት። የሚመለሰው እናንተ አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የባንክ ሂሳባችሁን ቀብዱ እስኪገባ አትዝጉ፤ የፈረንሳይ ስልክ ቁጥራችሁንም ርካሹን ጥቅል ይዛችሁ አቆዩት፣ የባንኩ ኮድ የሚመጣው በሱ ነውና።